ባዕድ አፍ

በደሴ ሰው ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መትፋት ነው። ከመታጠቢያው በላይ ካለው መስታወት ሥር አንዲት ትንሽ ኩባያ አለች፤ አንድ ጊዜ በደንብ ተፍቶባት እስከ ሠላሳ ይቆጥራል፤ ከዚያ መስታወቱ ቀለም ያሳያል። ያው ቀለም ወዲያው በግቢው በር ላይ ባለችው መብራት ስለሚበራ ጎረቤትም ያየዋል። ድሮ ሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ?» ይባባል ነበር። እኔ እንኳ ደርሼበታለሁ፤ ዛሬ «አፍህ እንዴት አደረ?» ነው የሚባለው። መልሱም «አረንጓዴ፣ ተመስገን» ነው።

አረንጓዴ አፍ ያለው ሰው ከሌላው ጋር በአንድ ትሪ ይበላል፤ ያጎርሳል፤ ይጎርሳል። ቢጫ ከትሪው ይቀርባል፣ ይጎርሳልም፤ ግን አያጎርስም። ቀይ ለብቻው በመስታወት ክፍል ውስጥ ይበላል። በየምግብ ቤቱና በየሠርግ አዳራሹ ጥግ አንድ የመስታወት ክፍል አለ፤ ሰዉ ያየዋል፣ እሱም ሰዉን ያያል። ሕጉ ይኸው ነው፤ ሁላችንም የለመድነው ነው።

እኔ ያብስራ እባላለሁ። ዛሬ 2078 ዓ.ም. ነው፤ ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። የሰፈሩ ጎረምሶች ስሜን ሲሰሙ «የሽማግሌ ስም» እያሉ ይስቃሉ፤ የእነሱ ስም ደምሰው፣ ተዋበች፣ አስካለ ነውና። ይሳቁ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከደሴ ኮምቦልቻ አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ ከእነሱ መካከል አንዱ እንኳ መሪ ጨብጦ አያውቅም። ዛሬ አውቶቡሱ ራሱን ይነዳል።

ታዲያ የምነዳው አንጀቴ ከፈቀደልኝ ነበር። ከሠላሳ አምስት ዓመቴ ጀምሮ የትልቁ አንጀት ብግነት አለብኝ። እንዲህ ስለው ትልቅ ነገር ይመስላል፤ በተግባር ግን ስልሳ ተሳፋሪ በሐረጎ ቁልቁለት መታጠፊያ ላይ አቁሞ ሱሪን በሁለት እጅ ይዞ ወደ ባሕር ዛፉ መሮጥ ማለት ነው። ስመለስ ሁሉም ምንም እንዳላዩ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ ጨዋ ሕዝብ ነበር። ደም ይታየኝ ነበር፣ ከሰውነት ተራ ወጥቼ ነበር፣ ሦስቴ ሆስፒታል ተኝቻለሁ።

ኋላ ላይ ሐኪሞቹ ነገሩ ከአፍ እንደሚጀምር ነገሩን። ሰው ምራቁን በዋጠ ቁጥር የአፉ ባክቴሪያ አብሮ ይወርዳል። የጤነኛ ሰው አንጀት ያባርራቸዋል፤ አንዴ የቆሰለ አንጀት ግን ቦታ ይለቅላቸዋል፣ ይሰፍራሉ፣ አንጀቱም መልሶ ይቆጣል። ሕዝቡ «ወራጆች» ይላቸዋል። እኔ እንኳ ስንቱን ወራጅ በሰላም ያወረድኩ ሰው፣ በእነዚህ ተሸነፍኩ። አፌን መጠበቅ ከጀመርኩ ወዲህ ግን ሰባት ዓመት አንጀቴ ትንፍሽ አላለም።

ይህን ሁሉ የማወራው ወደ ተዋበች ሠርግ ለመድረስ ነው። ተዋበች አንድ ልጄ ናት። ሠርጓ ጥር አሥራ ሦስት፣ እሑድ ነበር። የሙሽሪት አባት ከአማቾቹ ጋር በአንድ ትሪ ይቀመጣል፣ ልጁን ያጎርሳል፣ በልጁ ይጎርሳል፣ ከዚያ ተነስቶ ይመርቃል። ምርቃቱን አንድ ወር ሙሉ ሳጠናው ከርሜያለሁ። ሄራን፣ ባለቤቴ፣ «አሁንስ እኔም በቃሌ ያዝኩት፣ ከታመምክ እኔ እመርቃለሁ» እስክትለኝ ድረስ።

እናላችሁ፣ ሠርጉ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ጠዋት ተፋሁ። ሠላሳ ቆጠርኩ። መስታወቱ ቀይ ሆነ።

ከቀለሙ ሥር ጽሑፍ ነበር፦ «ባዕድ አፍ ተገኝቷል። የማን ነው?» ለምላሽ ሦስት ቦታ አለው፤ የቤተሰብ፣ የማውቀው ሰው፣ አላውቅም። ሁለት ወር ሙሉ ረቡዕና ቅዳሜ ቢጫ እየሆነ ይህንኑ ሲጠይቀኝ «አላውቅም» እያልኩ ስልከው ከርሜያለሁ። የዚያን ዕለትም «አላውቅም» አልኩ። ግን ቀይ ሲሆን ዝም አይባልም፤ ከሰዓት በፊት ከጤና ጣቢያው ሲስተር አስካለ መጣች።

አስካለ የሠላሳ ዓመት ልጅ ናት፤ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያላት ሰው አላየሁም። አፌን አስከፍታ በትንሽ እንጨት ጫር ጫር አደረገችና መሣሪያዋን አየች።

«ጋሼ፣ እነዚህ የእርስዎ አይደሉም» አለችኝ። «የሌላ ሰው ናቸው። ድዱ መግል የያዘ፣ ምናልባት ሦስት ጥርሱ የተበላሸ ሰው። በሳምንት ሁለቴ ከአፉ ወደ አፍዎ ይመጣሉ። መዝገብ ላይ ፈልጌ አጣሁት።»

ከጓዳ የሚንኳኳው ቢላዋ ቀጥ አለ።

«ምን አልሽ አስኩዬ?» አለች ሄራን ሽንኩርቱን በእጇ እንደያዘች ብቅ ብላ። «ከማን አፍ ወደ ማን አፍ?»

«እትዬ፣ እኔ የማየው ባክቴሪያውን ነው...»

«በሳምንት ሁለቴ! ማክሰኞና ዓርብ ‹ጡረተኞች ማኅበር› እያለ የሚወጣው!» ወደ እኔ ዞረች። «ሠላሳ ስድስት ዓመት ያልሰለቸኝን አፍ ማን ናት የምትካፈለኝ? ደግሞ ጥርሷ የበሰበሰ! እኔን ጥለህ ከሄድክ አይቀር ጥርስ ያላት አታገኝም ነበር?»

«ሄራንዬ፣ በእናትሽ...»

«እናቴን ተዋት!»

አስካለ መሬት መሬቱን እያየች እስኪበርድ ጠበቀች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሩን አስረዳችኝ። ምንጩ ካልታከመ እኔን ማከም ከንቱ ነው፤ ተመልሶ ይመጣል። ወራጆቹ ገና አንጀቴ ላይ አልሰፈሩም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጨመሩ ግን ይሰፍራሉ፣ ያኔ ሠርግ ሳይሆን ሆስፒታል ነው። «ሰውየውን ይንገሩኝ» አለች። «ተይዞ የሚመጣ ስድስት ወር ለብቻው ይበላል። በእግሩ የሚመጣ ግን ሁለት ሳምንት ብቻ ነው።»

ሰውየው ማን እንደሆነ ድዱን ስትጠራ አውቄዋለሁ። ናሆም ነው።

ናሆም የሐረጎን መንገድ አብሮኝ የነዳ ጓደኛዬ ነው። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልጆቹ ሩቅ ናቸው። ሮቢት ሰፈር ከተዘጋው ጋራዥ ጀርባ አንድ ያረጀ የናፍጣ አውቶቡስ ቆሟል፤ ከሁለት ወር ወዲህ አራት የድሮ ሹፌሮች በሳምንት ሁለቴ እኩለ ቀን ላይ እዚያ እንገናኛለን። የሞተሩ ክዳን ላይ ትሪ እናስቀምጣለን። ክፍልፍል የለው፣ መብራት የለው፤ ክብ የሆነ የድሮ ትሪ። ሽሮ ይፈስበታል፣ እጃችንን ታጥበን አንድ ላይ እንበላለን። ዛሬ ልጆች ጉርሻን በትምህርት ቤት በመቆንጠጫ ነው የሚማሩት፤ እዚያ አውቶቡስ ውስጥ ግን በእጅ ነው። ሕገ ወጥ እንደሆነ እናውቃለን። ናሆም በሳምንት ሰው የሚያጎርሰው እነዚያን ሁለት ቀናት ብቻ ነው፤ ታዲያ ሲያጎርስ እጁን አይሰስትም።

አንድ ጠባይ አለው። ጠቅልሎ ያጎርሳል፣ ከዚያ የጣቱን ወጥ ጥርግ አድርጎ ይልሳል፣ ወዲያው ለቀጣዩ ይጠቀልላል። ሁላችንም እናየዋለን። ማንም ምንም ብሎት አያውቅም። ሰውን «ጣትህን አትላስ» ብሎ ነገር አለ እንዴ?

ስም ጠርቼ ለስድስት ወር ከዚያ ትሪ ላስነሳው አልችልም። ያለኝ መንገድ አንድ ነው፤ ዓርብ ሄጄ በእግሩ እንዲሄድ ለራሱ ለናሆም መንገር። ሁለት ቀን ሙሉ አረፍተ ነገሩን አዘጋጀሁ። «ናሆምዬ፣ ጥርስህን ለመታየት አስበህ ታውቃለህ?» የሚል ነበር፤ ለስለስ ያለ።

ዓርብ ደረሰ። ትሪው ቀረበ። ናሆም ከሁሉ አስቀድሞ ለእኔ ጠቀለለ። «ለሙሽሪት አባት!» አለ፤ ፊቱ ሁሉ ሳቅ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ ያዘጋጀሁትን ልናገር ነበር፤ የተከፈተ አፍ ሲያይ አጎረሰኝ። ምን ላድርግ? ጎረስኩ! አኘክሁ፤ ዋጥኩ። የልጄን ሠርግ ከነአንጀቴ አብሬ ዋጥኩት። እሱ ጣቱን ላሰ።

«ድገም» አለ እየጠቀለለ።

ይሄኔ አውቶቡሱ ወዝወዝ አለ። በፊት በር የሆነ ሰው ገባ። ሄራን ናት፤ ለካ ከቤት ጀምሮ ስትከተለኝ ነበር፤ ጃንጥላዋን በግራ እጇ ጨብጣለች።

«የታለች?» አለች።

«ማን?» አለ ናሆም፣ ጉርሻው እጁ ላይ እንዳለ።

«ሴትዮዋ!»

አራት ሽማግሌ እርስ በርስ ተያየን። ሄራን ከወንበር ሥር አየች፣ ከመጋረጃው ጀርባ አየች፣ የሹፌሩ ወንበር ላይ ያለውን ካፖርት ገለጠች። ከዚያ ትሪውን አየች። ከዚያ እኛን አየች፣ ጺማችን ላይ ሽሮ አለ።

«ወይ ጉድ!» ብላ አንዱ ወንበር ላይ ዘጭ አለች። «ሴት በሆነች ይሻለኝ ነበር። ሴት ብትሆን ፀጉሯን እነጫለሁ። የእናንተን የራሰ በራዎቹን ምን ልንጭ?»

ናሆም ደንግጦ እንኳ ጨዋነቱ አልጠፋውም። «ሄራንዬ፣ እንኳን መጣሽ፣ ነይ ጉረሺ» ብሎ ጣቱን ልሶ ጉርሻውን አስተካከለና ዘረጋላት። ሄራን ጉርሻውን አየች። ጣቱን አየች። እኔን አየችኝ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ናሆም» አለች በረጅሙ ተንፍሳ። «እጅህን ትልሳለህ። ጥርስህ በስብሷል። የያብስራን አፍ ቀይ ያደረገው የአንተ አፍ ነው፤ ለሠርጉ የመስታወት ክፍል ሊያስገባው ነው፤ አንጀቱንም ሊያስነሳበት ነው። ይኸው ነው።»

ሁለት ቀን ያዘጋጀሁትን እሷ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

ናሆም ጉርሻውን ትሪው ጠርዝ ላይ መልሶ አስቀመጠ። ጣቶቹን አገላብጦ አያቸው።

«አንተ ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«ከረቡዕ ጀምሮ።»

«ታዲያ አሁን ስሰጥህ ለምን ጎረስክ?»

«ምን ልበልህ? አፍህ በስብሷል ልበልህ?»

«አዎ!» ብሎ ጮኸ። «አዎ በለኝ እንጂ! የልጅህን ሠርግ በመስታወት ውስጥ ሆነህ ልታይ ነበር? ቂል! አንተ ቂል ሰውዬ!» ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የእኔም እንዲሁ። ሌሎቹ ሁለት ሹፌሮች ሽሮውን ማየት ጀመሩ።

«መብራትህ እኮ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው» አልኩት። እውነቴን ነው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ስገረምበት የነበረ ነገር ነው።

ናሆም አፈረ። «ከመትፋቴ በፊት በአረቄ እጉመጠመጣለሁ» አለ። «ለስድስት ዓመት። መስታወቱ ምንም አያገኝም። ሐኪም ጥርስ ሲነቅል እፈራለሁ፣ አሁን ምን ይደረግ!» ሐረጎን ፍሬን ተበጥሶበት የወረደ ሰው ነው ይህን የሚለው።

ሄራን ተነሳች። «የምትነጪውን አጥተሽ ነበር» አላት ናሆም አፉን በጣቱ እያመለከተ፤ «ይኸው ሦስት ጥርስ አለልሽ።» እሷም ሳቋ አመለጣት። ያንኑ ቀን፣ እሷ በቀኝ እኔ በግራ ይዘነው፣ በእግሩ ጤና ጣቢያ ገባ። «በእግሬ ነው የመጣሁት፣ ጻፊልኝ» አላት አስካለን ገና ከበሩ። ሦስቱም ጥርሶች ወጡ። ጩኸቱ ፒያሳ ድረስ ይሰማ ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ ውጭ ስለነበርኩ የሰማሁት ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ነው።

የእኔ ሕክምና ቀላል ነበር፤ አስካለ ከሄራን አፍ ጥሩ ጥሩዎቹን ባክቴሪያዎች ወስዳ በብሩሽ ድዴ ላይ ጠዋትና ማታ እንድቀባ ሰጠችኝ። «ድሮ በመሳም የምሰጠውን ዛሬ በብልቃጥ አደረጉት» አለች ሄራን። ኩርፊያዋ ግን ገና አልወጣላትም፤ መሳሙን ለሠርጉ ማግስት አስተላለፈችው።

ቅዳሜ ቀይ። እሑድ ቀይ። ሰኞ ቀይ። ሳምንቱን ሙሉ የግቢዬ መብራት ቀይ ሆና ስታበራ ጎረቤት ሲያልፍ «አይዞህ ጋሽ ያብስራ» ይለኛል፤ ቆም ብሎ ሲያወራኝ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ተዋበች በየቀኑ ትደውላለች። «አባዬ፣ ዛሬስ?» ትለኛለች። ዓርብ ዕለት «የመስታወት ክፍሉን በአበባ አስጌጥኩልህ፣ ለምናልባት» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። የራሴ ልጅ የምታገባበት ቀን እኔ እንደ ዓሣ ከመስታወት ውስጥ!

እሑድ ጠዋት ጥር አሥራ ሦስት ተነሳሁ። ሄራን ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላዬ ቆመች። ተፋሁ። እኔ በልቤ ስቆጥር እሷ ጮክ ብላ ትቆጥር ነበር። ሠላሳ ላይ መስታወቱ ቢጫ ሆነ።

ቢጫ! እልል አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ሙሽራው መጣ ብሎ በር በሩን ወጣ። ቢጫ ይጎርሳል እንጂ አያጎርስም፤ ልጄን ማጉረስ አልችልም ማለት ነው። ይሁን። በትሪው ግን እቀመጣለሁ።

አዳራሹ ውስጥ ገበታው ቀረበ። የትሪው ጠርዝ በእያንዳንዱ እጅ ፊት ይበራል፤ አማቾቼ ፊት አረንጓዴ፣ እኔ ፊት ቢጫ። ጥግ ላይ ባለው በአበባ በተጌጠው የመስታወት ክፍል ውስጥ ናሆም ተቀምጧል። ሁለት ሳምንቱ አላለቀም፤ «የያብስራን ቦታ ማንም እንዳይወስድብኝ» ብሎ ራሱ ነው የጠየቀው። ጉንጩ አብጧል፣ ሾርባ በቱቦ ይጠጣል፣ ዘፈኑ ሲጀምር ግን ብቻውን ተነስቶ እስክስታውን ያስነካዋል። ልጆች መስታወቱን ከበው ያጨበጭቡለታል።

የማጉረስ ተራ ደረሰ። ተዋበች ሚዜዎቿ መቆንጠጫውን ሲያቀብሏት አልቀበልም አለች። እጇን ዘረጋች። በሕይወቷ በእጇ ሰው አጉርሳ አታውቅም። ጠቀለለች፤ ተበተነባት፤ እንደገና ጠቀለለች፤ የወጣው ነገር የክኒን ያህል ነበር።

«ምንድን ነው እሱ? መድኃኒት ነው?» አልኳት። «አተልቂው!»

አዳራሹ ሳቀ። እሷ ቀላች። በእልህ ግማሽ ትሪ ያህል ሰበሰበች፤ ጠቀለለች፤ ዶሮ ወጡ በአውራ ጣቷ ሲወርድባት ሳታስበው ላሰችው። አማቼ፣ የሙሽራው እናት፣ «ኧረ!» አለች። አስካለ እንግዶች መካከል ነበረች፤ አቀርቅራ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጄ አየችኝ። እኔ አፌን ከፈትኩ።

አፌ ሞላ። ጉንጬ ተወጠረ። የመድረክ መሪው በዚያው ቅጽበት ማይክ አቀበለኝ፦ «አሁን የሙሽሪት አባት ይመርቃሉ!» አንድ ወር ያጠናሁት ምርቃት! አንድ ቃል ማውጣት አልቻልኩም። አኝኬ አኝኬ አያልቅም። እንባዬ ይወርዳል፣ ሰው ይስቃል። እጄን አንስቼ በልጄ ራስ ላይ አደረግሁት። ሄራን ማይኩን ከእጄ ወስዳ ምርቃቴን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሏ ወጣችው፤ አንድም ቃል አልሳተችም። ናሆም ከውስጥ መስታወቱን እየደበደበ «አሜን!» ይላል፤ ድምፁ አይሰማም፣ አፉ ግን ይታያል።

በማግስቱ ጠዋት ተፋሁ። አንጀቴ ሰላም ነው። ሠላሳ ቆጠርኩ። መስታወቱ አረንጓዴ ሆነ። አዲሱ አፍ ጤነኛ ቢሆንም ከሥሩ ያው ጽሑፍ መጣ፦ «ባዕድ አፍ ተገኝቷል። የማን ነው?»

ሄራን በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ያስተላለፈችውን መሳም አልረሳችም።

«የልጄ ነው» አልኩት መስታወቱን። ሰምቶ መዘገበ። ቢሆንም ደገምኩለት፤ «የልጄ ነው!»